ደብተር የሌለው ሙከራ

ቁስል ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይድናል። ጣቱን ቢላ የቆረጠው ሰው እሬት ቢቀባበት፣ አመድ ቢነሰንስበት ወይም እንዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጠምጥሞ ቢተወው ከቀናት በኋላ ጠግጎ ያገኘዋል። ደሙ ይረጋል፤ ቅርፊት ይይዛል፤ ከሥር አዲስ ሥጋ ይሞላል፤ ቆዳው ከዳር ወደ መሐል እየተጠጋ ይገጥማል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ገላ ራሱ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው ግን በላዩ ላይ የተደረገበት ነገር ነው።

በየዶርሙ የምንገጥመው ክርክር ይህን ነገር ይዘለዋል። አንዱ ወገን «አባቶቻችን ስንት ዘመን የዳኑበትን ቅጠል ለአይጥ ቀብቶ መመርመር ንቀት ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ኧረ ተወኝ፣ ይሄ የጥንቆላ ትራፊ ነው፤ ምኑ ይመረመራል?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ሳያዩ ፈርደዋልና እምብዛም አይለያዩም። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ማንሳት የፈለግሁት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ሳይመረምሩ መተው ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል?

አያወጣም ባይ ነኝ። ሙከራው እኮ እኛ ስንፈቅድ የሚጀመር አይደለም። በየመንደሩ፣ በየቀኑ፣ በሰው ገላ ላይ ሲካሄድ ኖሯል፤ አሁንም እየተካሄደ ነው። ግራዋ ይጨመቃል፤ የመቅመቆ ሥር ይወቀጣል፤ እሬት ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ቦታ እበት ሳይቀር ቁስል ላይ ይለጠፋል። የጎደለው ደብተር ነው። ደብተር ስል መቁጠሪያ ማለቴ ነው፦ ስንቱ ዳነ? በስንት ቀን? ስንቱስ መግል ያዘ? ምንም ባይቀባ ኖሮ በስንት ቀን ይሽር ነበር? የዳነው ሰው ምስጋናውን ይዞ ወደ መድኃኒት አዋቂው ይመለሳል። ያልዳነው አይመለስም። እግሩን ያጣው ያጣው ራቅ ካለ ከተማ ሆስፒታል ገብቶ ነው፤ በመንጋጋ ቆልፍ የሞተው ደግሞ መጥቶ አይከስም። ስለዚህ አዋቂው ቅንጣት ባይዋሹም የሚያዩት የዳኑትን ብቻ ነው። እሳቸው ውሸታም ስለሆኑ አይደለም ምርመራ የሚያስፈልገው። ፕሮፌሰርም በሳቸው ወንበር ቢቀመጥ ያው ነው የሚያየው።

መንጋጋ ቆልፍን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ተህዋሲው በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት መቆየት ይችላል። ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል ባልታጠበ ድንጋይ ተወቅጦ ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ፣ ቅጠሉ ራሱ መድኃኒት ቢሆን እንኳ አብሮት የገባው ሊገድል ይችላል። «ቅጠሉ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ይመርመር» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ደግሞ ዓይናችንን ሳንጨፍን እንየው። አይጧ ማደንዘዣ ትወጋለች፤ ጀርባዋ ይላጫል፤ ቆዳዋ በክብ ተቆርጦ ይነሳል። አንዱ ቡድን የቅጠሉ ጭማቂ ከመቶ 5 ወይም ከመቶ 10 የተቀላቀለበት ቅባት ይቀባል፤ ሌላው ምንም ያልተቀላቀለበት ባዶ ቅባት፤ ሦስተኛው የታወቀ የፋርማሲ መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ናይትሮፉራዞን። በየሁለት ቀኑ ገደማ የቁስሉ አፍ በስስ ወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ስፋቱም በሚሊሜትር ወረቀት ይቆጠራል። ቅርፊቱ የወደቀበት ቀን ይመዘገባል። ሌላም ዓይነት አለ። ቆዳው በቀጥታ መስመር ተሰንጥቆ ይሰፋል፤ ቅባቱ ይቀባል፤ በ10ኛው ቀን አካባቢ አይጧ እንደገና ደንዝዛ የቆዳው ጫፍ ከአንድ ዕቃ ጋር ይታሰርና ዕቃው ውስጥ ውኃ ቀስ እያለ ይንቆረቆራል፤ የገጠመው ቁስል መልሶ እስኪከፈት ድረስ። በዕቃው የተጠራቀመው ውኃ ሲመዘን የጠባሳው ጥንካሬ ይታወቃል።

ጤነኛን ማቁሰል፣ ያቆሰሉትን ማከም፣ ያከሙትን መልሶ መቅደድ። ይህን በጸጥታ የሚያልፍ ሰው ቢኖር እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። «ሰው ይበልጣልና ይሁን» የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ክርክሩ ዕዳ ያስከትላል። ለሰው ሲባል ከተባለ ነገሩ ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። የተገኘው ዕውቀት መደርደሪያ ላይ ከቀረ አይጧ የቆሰለችው ለዲግሪ ነው ማለት ነው።

ለመድረስ ደግሞ ገና መንገድ አለው። የአይጥ ቆዳ ልል ነው፤ ከሥሩ ያለው ስስ ጡንቻ የቁስሉን ከንፈሮች እየሳበ ያቀራርባቸዋል። የሰው ቁስል ግን በአብዛኛው የሚዘጋው አዲስ ሥጋ ሞልቶና ቆዳ ከዳር ተስቦ ነው። ስለዚህ የመቅመቆ ሥር አገራችን ውስጥ በአይጥ ተሞክሮ ደህና ውጤት ማሳየቱ (ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል) ለሰው ተስፋ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ማርን ተመልከቱ። ከጥንት ጀምሮ ቁስል ላይ ሲደረግ የኖረ ነው፤ በኋላ ግን በሰው ላይ በቁጥር ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እጅግ ጥልቅ ያልሆነ ቃጠሎ ከተለመዱት የቁስል መሸፈኛዎች ይልቅ በማር ቶሎ እንደሚሽር አረጋገጠ። ለሌላው ዓይነት ቁስል ሁሉ ግን እንዲህ አላለም። ሐኪም ቤት የሚውለውም ማር በጨረር ከተህዋሲ የጸዳ ነው እንጂ እንዲያው ከቀፎ የተቆረጠ አይደለም።

አሁን ወደ ሰጪው እንምጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ? አዋቂው ቅጠሉን ለሚወዱት ልጅ ካልሆነ አያሳዩም፤ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል የሚሉም አሉ። እኛ ተማሪዎች ይህን ኋላ ቀርነት ብለን ለመጥራት እንቸኩላለን። ያልደበቁት ምን እንዳተረፉ ግን እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነውና ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ሌላ የውኃ ውስጥ ተባይ የመከላከያ ዘዴ ፓተንት አወጣበት። አጣቢዎቹ ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ በስም አልተጠሩም። ዛሬ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠሉን ያሳዩት አዛውንት ደጃፍ ላይ የሚቆመው አዋጁ ሳይሆን ደብተር የያዘው ተማሪ ነው።

ውጤቱ ጥሩ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁሉም ለማውራት ይቸኩላል። ውጤቱ «ከባዶው ቅባት አይሻልም» ሲሆንስ? መምህሩ «ሌላ ቅጠል ፈልግ» ይላል። ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። ቅጠሉ ግን መንደሩ ውስጥ መወቀጡን አያቆምም። ሄዶ መናገር ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! አምነው የሰጡትን ሰው፣ ምናልባትም እንጀራቸው የሆነውን ነገር፣ «አባባ፣ የርስዎ ቅጠል ቁስሉን አላፈጠነውም፤ ቁስሉን በፈላና በበረደ ውኃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈኑ ይበልጣል» ማለት። ሊቆጡ ይችላሉ። ስቀው ቡና ሊያስፈሉም ይችላሉ። ከዚያ ወዲያም መቀባቱን አይተዉ ይሆናል፤ ግን ውኃውን ማፍላት ቢጀምሩ እንኳ ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጥናት ዕቅዶች ላይ ለአይጥ ቀለብ፣ ለማደንዘዣ፣ ለናይትሮፉራዞን፣ ቅጠል ለመልቀም ለሚደረገው ጉዞ ሳይቀር ገንዘብ ይመደባል። ውጤቱን ይዞ ለመመለሻ፣ ለአንድ ሰው የአውቶቡስ ቲኬት የሚል መስመር ግን እስካሁን አላየሁም።