ከቆጥ የሚወርዱ ባሎች

ሰው ሊኖረው ይችል የነበረውን ሕይወት ሁሉ እየገባ ቢያየው፣ የሚወደውን ለይቶ ያውቃል ወይ? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የሆሊ ግራማዚዮ «ዘ ሀዝባንድስ» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ባሎቹ»። ደራሲዋ ከአውስትራሊያ መጥታ ለንደን የምትኖር የጨዋታ ንድፍ ባለሙያ ናት። መጽሐፉ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የመጀመሪያ ልቦለዷ ሲሆን አንባቢን እጅግ ያስቃል፤ እኔን ግን ከሣቁ በኋላ እንቅልፍ ነሣኝ።

ያላገባችው ሎረን ጓደኛዋ ኤሌና ከሠርጓ በፊት ካዘጋጀችው የሴቶች ድግስ አምሽታ ለንደን ወዳለው ቤቷ ስትገባ፣ አይታው የማታውቀው ማይክል የሚባል ሰው እንደ ባል ይቀበላታል። በእርግጥም በዚህ ዓለም ባሏ ነው። ማይክል አምፖል ሊቀይር ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቆጥ ይወጣል፤ የሚወርደው ግን ሌላ ወንድ ነው። እሱም ባሏ ነው። ባሉ በተለወጠ ቁጥር የቤቱ ዕቃና ቀለም፣ አንዳንዴም ሥራዋ ሳይቀር አብሮ ይለወጣል። ሳይለወጥ የሚቀረው የእሷ ትዝታ ብቻ ነው። ያልተስማማትን ሰበብ ፈልጋ ወደ ቆጡ ትልከዋለች፤ ሌላው ይወርዳል።

መጀመሪያ ጥያቄውን የምርጫ ጥያቄ አድርጌ ያዝሁት። ለእንዲህ ያለው ምርጫ የሒሳብ ሊቃውንት ያወጡት ሕግ አለ። እጩዎች አንድ በአንድ የሚቀርቡ፣ ያለፈውም የማይመለስ ከሆነ፣ ከጠቅላላው 37 በመቶ ያህሉን አይቶ ማሳለፍ፣ ከዚያም ካለፉት ሁሉ የሚበልጥ ሲመጣ ወዲያው መያዝ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን የማግኘት ዕድሉም በዚህ መንገድ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። ነገር ግን ሕጉ የእጩዎቹ ቁጥር አስቀድሞ እንዲታወቅ ይፈልጋል። የሎረን ቆጥ ማለቂያ ካልታወቀለት 37 በመቶው ከምን ይሰላል? ደግሞም ሕጉ እጩው በቀረበበት ቅጽበት ዋጋው የሚታወቅ አድርጎ ይነሣል። የሰው ትዕግሥት ግን በሕመም ቀን፣ ልግስናው በችግር ቀን ይታያል። ገና ከመሰላሉ የወረደ ባል ይህን ሁሉ ለማሳየት ጊዜ የለውም። እንግዲህ ሒሳቡ አይፈታውም ብዬ ተውሁት።

ቀጥሎ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረታችን ትዝ አለኝ። ታዲያ መልሱ የያዙትን ይዞ መኖር ነውን? ይህም አላሳረፈኝም። በብብት የተያዘው የሚያቆስል ቢሆንስ? ክፉ ትዳር ውስጥ ላለች ሴት ይህን ተረት መንገር ግፍ ነው። ከሚጎዳ ሕይወት መውጫ ማግኘት የሰው መብት ስለሆነ፣ መለወጥ በራሱ ጥፋት ሊባል አይችልም።

ጥፋት ካለ የት ነው? ወደ ቆጡ የሚላኩትን ወንዶች አሰብሁ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ጸሐፊው ኂሩትን ሲያገባ እንደ ገረድ እንድትኖር እንዳልፈቀደ፣ ባልና ሚስት በትዳር እኩል መሆናቸውን እንዳመነ ይተርካል። ሎረንን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጣት ሚስትነቷ ይቀርና ዳኛ ትሆናለች፤ እሷ ሁሉን ታውቃለች፣ ባሏ ምንም አያውቅም። «ግን እኮ ሰዎቹ አይሞቱም፤ ሌላ ሕይወት ይኖራሉ፣ የቀረባቸውንም አያስታውሱም» የሚል ተቃውሞ ወዲያው መጣብኝ። የማይታወስ ጉዳት ጉዳት ነውን?

መልሱን ያገኘሁት ሣቁ በሚቆምበት ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ ደራሲዋ አንባቢውን ተባባሪ ታደርገዋለች፤ እየሣቅን «ይሄኛውም ይመለስ» እንላለን። እንደ ቲንደር ባሉ መተግበሪያዎች የሰውን ፎቶ በጣቱ እየገፋ ማሳለፍ የለመደ ሰው ራሱን እዚህ ያገኘዋል። ከዚያ አሜሪካዊው ካርተር ይመጣል። ትወደዋለች፤ እንዲቆይም ትፈልጋለች። እሱ ግን ምንም ሳያውቅ በራሱ ፈቃድ ቆጡ ላይ ይወጣል፤ የሚወርደው ሌላ ነው። ካርተር የሆነ ቦታ በሕይወት አለ። የጎደለው አብረው ያሳለፏቸውን ቀናት ከእሷ ጋር የሚያስታውስ ሰው ነው።

ከባሎቿ አንዱ የነበረው ቦሃይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱም እንደ እሷው ከሕይወት ወደ ሕይወት የሚሻገር ሰው ነው። ባሏ ሆኖ አይቀርም፤ ነገር ግን ሌላ ሕይወት ውስጥ ሆኖም ያለፈውን ያስታውሳል፣ እሷም ሳትዋሽ የምታወራው ከእሱ ጋር ነው። ባሎቿ ያገቧት ሚስት ለእሷ ለራሷ እንግዳ ናት፤ ያልኖረችባቸውን የፍቅር ዓመታት ከእነሱ ትወርሳለች። ቦሃይ ግን ያወቃት እሷኑ ነው።

አንድ ጥርጣሬ ቀረኝ። ፍቅር የጋራ ትዝታ ከሆነ፣ ባሏ በሕመም ትዝታው የጠፋባት ሴት ፍቅሯ አከተመ ማለት ነው? አይደለም። ዓመታቱ በእርግጥ ነበሩ፤ እሷ ለሁለት ታስታውሳቸዋለች፣ ልጆችና ጎረቤት ይመሰክራሉ። ቆጡ ግን ዓመታቱን ከነምስክሮቻቸው ይሰርዛል። የማይታወስ ጉዳት ጉዳት የሚሆነውም በዚህ ነው፤ የሌላውን ሰው ነገር እሱ ሳያውቅ መውሰድ ነውና።

ስለዚህ ብይኔ ይህ ነው። ያልኖርነው ሕይወት ከኖርነው ጋር ለውድድር መቅረብ አይገባውም፤ ድካምም ምስክርም የለበትምና ሁልጊዜ ያምራል። የሚጎዳችሁ ትዳር ካለ ያለ ሐፍረት ውጡ። ጉዳት ሳይኖር «የተሻለ ይኖር ይሆን?» የሚል ሐሳብ ብቻ ዕረፍት የሚነሣችሁ ግን ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዓመታቴን የሚያውቅልኝ ማን ነው? እኔስ የማንን ዓመታት አውቃለሁ? የአንድ ሰው ስም ወደ አፋችሁ ከመጣ፣ ዛሬውኑ ንገሩት።