ውሃው እስኪበስል

አባቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ውሃ እሑድ ተፈጠረ፣ በውሃ ውስጥ የሚኖረው ነፍስ ያለው ፍጥረት ግን እስከ ሐሙስ አልተጠራም ይላሉ። በመካከሉ ጠፈር ተዘረጋ፣ ምድር አበቀለች፣ ፀሐይና ጨረቃ በሩ። ይህን ቅደም ተከተል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ክብደቱ የገባኝ ግን እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ ውስጥ፣ የመስታወት ገንዳ በጨው ውሃ ሞልቼ አንድም ዓሣ ሳላስገባበት በጠበቅሁባቸው ሳምንታት ነው።

መጀመሪያ ውሃው ራሱ መሠራት አለበት። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤና ሲባል በክሎራሚን የታከመ ነው፤ ይኸው መድኃኒት ዓሣ ለሚተነፍስበት ስንጥብ መርዝ ስለሆነ ተጣርቶ መውጣት ይኖርበታል። ከዚያ ጨው ይገባል። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ ለ200 ሊትር ገንዳ 7 ኪሎ ይሄዳል። የወጥ ጨው አይሆንም፤ በባሕር ውስጥ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ስትሮንሺየምም በየልካቸው አሉና። ይህ ልክ ራሱ ያስገርማል። ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ዓለምን ዞራ ያመጣቻቸውን 77 የባሕር ውሃ ናሙናዎች ዊሊያም ዲትማር መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1884 አሳተመ። ውሃው ከየትም ይቀዳ ከየት፣ ጨዋማነቱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ የዋና ዋናዎቹ ማዕድናት የእርስ በርስ ድርሻ አንድ ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ በአንድ ሚዛን የለካው እጅ ምንኛ ትክክለኛ ነው!

ሙቀቱ 25 ዲግሪ ላይ ረግቶ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ቦታ ሲይዝ ገንዳው ጥርት ብሎ ያበራል። ያየው ሁሉ ተዘጋጅቷል ይላል። አልተዘጋጀም። ዓሣ ሲተነፍስ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያውን የሚረከበው ከጠፋ ተመልሶ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ተረካቢዎቹ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። ለኑሮ የሚበቃቸውን ጉልበት የሚያገኙት ከዚሁ ሥራ ነው። ብርሃን አይሹም፣ የማንንም ሥጋ አይበሉም። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ዙሪክ ላይ ለይቶ እስኪያወጣቸው ድረስ ዓለም በእነሱ ትከሻ ላይ ኖረ እንጂ አላያቸውም። ከቆየ ገንዳ የመጣ ድንጋይ ለሊጥ እርሾ እንደሚሆነው ለአዲሱ ውሃ ይሆንለታል። ያለዚያ መብሰሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

በእነዚያ ሳምንታት ከፌርፋክስ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ከምንላት ሰፈር፣ አንዲት እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው ገንዳውን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ለባዶ ውሃ ነው ይሄን ሁሉ መብራት የምታበራው?»

«ባዶ አይደለም እማማ። ውስጡ አሉ፤ ዓይናችን ነው ያልደረሰባቸው።»

«እንግዲህ እሱ ካያቸው ይበቃል» አሉና ስኒያቸውን አነሱ።

መለኪያው አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲያሳይ የዓሣው ቀን ይደርሳል። የሚገባው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚበዙት በሚቀርብላቸው ልክ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ ማስገባት የበሰለውን ውሃ መልሶ ጥሬ ያደርገዋል። አስተዋይ ሰው ዓሣውን አስቀድሞ በሌላ ገንዳ ለብቻው ያቆየዋል፤ ነጭ ነጥብ የሚባለው የቆዳና የስንጥብ በሽታ ከአንድ ዓሣ ወደ ሁሉም ይዛመታልና።

በጉዞ ላይ የሚሆነውንም ልብ በሉ። ዓሣው በታሰረ ከረጢት ውስጥ ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል፤ ውሃው እንዲህ ሲሆን አብሮ የተጠራቀመው አሞኒያ መርዝነቱ ይቀንሳል። የገዛ ትንፋሹ ከገዛ ቆሻሻው ይጠብቀዋል ማለት ነው። ከረጢቱ ተከፍቶ ንጹሕ አየር ሲገባ ይህ ጥበቃ ይነሳል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ዓሣ ከረጢቱ እንደታሰረ ሙቀቱ እስኪስማማ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የተቀባዩ ገንዳ ጨዋማነትም ቀድሞ ከከረጢቱ ጋር ይመሳሰላል። ከተከፈተ በኋላ ግን ሳይዘገይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዓሣው ብቻውን ይሻገራል። የከረጢቱ ውሃ ገንዳው ውስጥ አይደፋም።

ጨዋማነቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የአጥንታም የባሕር ዓሣ ደም የባሕሩን ሲሶ ያህል ብቻ ጨው ይይዛል። በዙሪያው ያለው ጨው ብዙ ስለሆነ ከገላው ውስጥ ውሃ ሁልጊዜ እየተሳበ ይወጣል፤ በባሕር መካከል የሚጠማ ፍጥረት ነው። ባሕሩን ይጠጣል፣ ስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ደግሞ ጨውን መልሰው ወደ ውጭ ይጥላሉ። የጣናው ዓሣ ኑሮ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ውሃው ሳይጠራ ወደ ገላው ስለሚሰርግ መጠጣት አያሻውም፣ ትርፉን በሽንት ያወጣዋል። ለእያንዳንዱ ውሃ የሚስማማ ገላ፣ ለእያንዳንዱ ገላ የሚስማማ ውሃ ተሰጠ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ክላውንፊሽ በተባለው ዓሣ ነው። በቀይ ባሕርና በአካባቢው የሚኖረውን፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀውን ዘር እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። ሩፔል በኋላ ከምጽዋ ተነስቶ በስሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1835 ዋልያን በሳይንስ ስሙ ያስመዘገበውም እሱ ነው። ኮራል መካከል የሚሽሎከሎከውን ዓሣና ገደል ላይ የሚዘለውን ዋልያ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ አይቶ አደነቀ፤ በዚህ እቀናበታለሁ። ክላውንፊሽ የሚኖረው ሌላውን ዓሣ ወግቶ በሚገድለው፣ አኔሞን በተባለው የባሕር እንስሳ ክንዶች መካከል ነው፤ ገላውን የሸፈነው ልጋግ አኔሞኑ እንዳይወጋው ይከላከልለታል። ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከመካከላቸው ትልቁ ሴት ይሆናል። ሴቲቱ ስትሞት ባሏ በተራው ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል፣ ቤቱም አይፈርስም።

ኮራል ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም እሱን ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። አንዱ ፖሊፕ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ አንድ አፍና በዙሪያው የሚናደፉ ክንዶች ያሉት ለስላሳ ገላ ነው። በዚያ ገላ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ። ከብርሃን ስኳር ሠርተው ለባለቤቱ እስከ ዘጠና በመቶ የሚደርሰውን ጉልበት ይሰጡታል፤ እሱ መጠለያና ከቆሻሻው የሚወጣውን ማዳበሪያ ይሰጣቸዋል። በዚህ ጉልበት ፖሊፑ ከውሃው ካልሲየም እያነሳ ከሥሩ ድንጋይ ያነጥፋል። የእሑዱ ውሃ፣ የማክሰኞው ለምለም፣ የረቡዑ ብርሃን፣ የሐሙሱ እንስሳ በአንዲት ጣት በማታክል ፍጥረት ተገናኝተው ድንጋይ ይሠራሉ። የኮራል አለት የውቅያኖስን ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያ ግን ሩብ ያህሉ በእሱ ተጠልሎ ይኖራል።

ስምምነቱ ጽኑ ቢሆንም ስስ ነው። ባሕሩ ከለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሉ ነጥቶ ይራባል። ወደ ቤት ሲመጣም ድንጋጤ አይወድም። ተባይ እንዳይከተለው ይታጠባል፣ መጀመሪያ ከታች ደብዘዝ ባለው ብርሃን ይቀመጣል፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከጎረቤቱም ይራቅ፤ አንዳንዱ ሌሊት ረጅም ክንድ ዘርግቶ ሌላውን ኮራል ይነድፋል። የምመርጠው በሰው እጅ ከተባዛ ግንድ የተቆረጠውን ቁራጭ ነው፤ ከባሕር አለት የሚገነጠለው ይቅርብን።

አደራው ከገንዳው ጠርዝም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሳን ዲዬጎ በስተሰሜን በአጉዋ ሄዲዮንዳ ሐይቅ ካውለርፓ የተባለ የአኳሪየም አልጌ ተስፋፍቶ ተገኘ። ካሊፎርኒያ በማግሥቱ ዓመት በሕግ ከለከለችው፤ ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዌስትውድም ሆነ ከፌርፋክስ ጎዳና ወደ ዝናብ መውረጃ የሚገባ ውሃ በባሎና ክሪክ በኩል ወደ ባሕር ይሄዳል። ስለዚህ ከገንዳ የወጣ ውሃም ሆነ ፍጥረት ጎዳና ላይ አይደፋም።

እኛ ደገኞች ባሕርን የሌላ ሰው አገር አድርገን ማሰብ ለምደናል። ነገር ግን በዓፋር ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ በሚወርደው በደናክል ረባዳ ዳርቻ፣ የኮራል አለት በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይታያል። ከ100 ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ገብቶ ነበር፤ ኮራሉ በዚያ ውሃ ውስጥ አድጎ ነበር። ባሕሩ ደጋግሞ ሲገባና ሲደርቅ የተወው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የወጣው፣ አሞሌ ሆኖ ገበያ የዋለው ጨው ይኸው ነው። አያቶቻችን ባሕርን ሳያዩ ባሕርን ቀመሱ።

የዓፋሩን አለት የሠራው ካልሲየም በእኔ ገንዳ ውስጥም ይለካል። የመጀመሪያዋ የኮራል ቁራጭ ሥሯን ድንጋዩ ላይ መዘርጋት ከጀመረች ወዲህ በሊትር 430 ሚሊግራም የነበረው ወደ 415 ወርዷል። ድንጋይ እየሠራች ነው። ተመስገን ብዬ የጎደለውን ለክቼ ጨመርሁላት።