የነጩ ቀሚስ ፈራሚ

ማሪ ታሊዮኒ በ1832 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ»ን ከደነሰች ወዲህ የባሌት ተመልካች በመድረክ ላይ ማየት የፈለገው ሴት ሳይሆን መንፈስ ሆነ። እንደ ሻሽ የሳሳ ነጭ ጨርቅ በላይ በላዩ ተደረበ። መድረኩ ግን ከ1822 ጀምሮ የሚበራው በጋዝ ነበልባል ነበር።

በ1859 የፈረንሳይ መንግሥት የመድረክ ልብስ እሳት በሚከላከል ውሁድ እንዲነከር አዘዘ። የተነከረ ቀሚስ ደግሞ ይገትራል፤ ይወይባል። የታሊዮኒ ደቀ መዝሙር ኤማ ሊቭሪ አሻፈረኝ አለች፤ ኃላፊነቱን ራሷ እንደምትወስድም ለዳይሬክተሩ ጻፈች። በኖቬምበር 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷን እሳት ያዘው። ስምንት ወር ተሰቃይታ ሞተች፤ ሃያዎቹን ገና መጀመሯ ነበር።

ታዲያ ወዳ አይደለም ወይ? ፈርማለችና ነገሩ እዚያ ያበቃል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ፊርማ የሚጸናው ለፈራሚው ሌላ መንገድ ሲኖረው ነው ባይ ነኝ። በወየበ ቀሚስ የወጣችን «መንፈስ» ማን ያጨበጭብላት ነበር? ምስኪን ተታላለች ማለትም ንቀት ይሆናል፤ ሙያዋን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ሕጉን የማስከበሩ ፈንታ ግን የቲያትር ቤቱ ነበር። ትኬት እየቆረጠ ያን ነጭ ቀሚስ ሲያዝ የኖረው ተመልካችስ ምን ላይ ፈረመ?