የጓዳው በር

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ቁምስና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ የስምንተኛው ትእዛዝ ነገር ተነሥቶ ነበር። ስለ ሐሰት፣ ስለ ሐሜትና የሰውን ምሥጢር ስለ መጠበቅ ስንነጋገር አንድ ወጣት መምህር እጁን አነሣና፣ «አባ፣ መንግሥት ስልካችንን ቢያዳምጥ፣ የምንጻጻፈውንም ቢያነብ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀ። እኔ ከመመለሴ በፊት በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የተከበሩ አዛውንት ቀደሙኝና፣ «ልጄ፣ ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለው? የሚፈራስ ጥፋት ያለበት ነው» አሉት። በአዳራሹ ከነበሩት የሚበዙት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓቱም ስላለቀ ጉዳዩን በይደር አቆየነው። ይህ ጽሑፍ በዚያን ዕለት ሳልሰጠው የቀረሁት መልስ ነው።

አስቀድሞ የአዛውንቱ ቃል እንዲያው የሚናቅ እንዳልሆነ ልናገር። መንግሥት የሕዝቡን ሰላም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ልጆቻችንን በበረሃና በባሕር የሚያሻግሩ ደላሎች በስልክ ይነጋገራሉ፤ ከወላጅም ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቁት በስልክ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ፖሊስ በፍርድ ቤት ፈቃድ ቢከታተለውና ቢያዳምጠው ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። ስለዚህ ጥያቄያችን መንግሥት ከቶ አይመልከት የሚል አይደለም፤ ማንን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድና እስከ ምን ድረስ የሚል ነው። ይሁን እንጂ በአዛውንቱ አነጋገር ውስጥ አንድ ስሕተት ተሰውሯል፤ ይኸውም የተሸፈነውን ሁሉ ከጥፋት ጋር አንድ ማድረጉ ነው።

በሀገራችን ቤት፣ ምንም ትንሽ ቢሆን፣ ጓዳ አለው። እንግዳን የምንቀበለው በሳሎን ነው፤ ጓዳው ግን የቤተ ሰቡ ነው። በጓዳ ያለው ምንድር ነው? የሊጡ ቡሃቃ፣ የጎደለው የዱቄት ዕቃ፣ ያልታጠበው ድስት፣ የታመመችው አያት መኝታ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ወንጀል አይደለም፤ ሆኖም ማንም ሰው ሳይፈቀድለት ገብቶ እንዲያየው አንፈቅድም። ቋንቋችን ለዚህ ነገር «ገመና» የሚል ቃል አበጅቷል። የሰውን ገመና የሸፈነ ይመሰገናል፤ ገመና ያወጣ ይነወራል። የሚሸፈነው ሁሉ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሸፋኙ ተባባሪ ይባል ነበር እንጂ አይመሰገንም ነበር።

ከዚህም የሚጠልቅ ምክንያት አለ። አንድን ወዳጅ «የሆዴን አጫወትሁት» ስንል፣ ለሌላ ያልሰጠነውን ለእርሱ ሰጠነው ማለታችን ነው። ወዳጅነት፣ ትዳር፣ የአባትና የልጅ ፍቅር የቆሙት በዚህ ስጦታ ላይ ነው። ሆዴን ማንም በፈለገ ጊዜ ከፍቶ የሚያየው ከሆነ ግን ለወዳጄ የምሰጠው ምን ይቀረኛል? በግድ የተወሰደ ነገር ስጦታ ሊሆን አይችልም። ሕሊናም እንደዚሁ ነው። ሰው ሐሳቡን የሚመረምረው፣ የሚጠራጠረው፣ ተሳስቶም የሚመለሰው ሰው በማያየው ሥፍራ ነው። ዘወትር እየታየ የሚኖር ሰው ቀስ በቀስ ለተመልካቹ እንጂ ለእውነት መኖሩን ያቆማል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ ሕሊናን የሰው ልጅ ውስጠኛ መቅደስ አድርጎ የገለጸው፣ የግል ሕይወት መጠበቅንም ለሰው ከሚገቡት መብቶች መካከል የቈጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

«እግዚአብሔር ሁሉን ያይ የለምን? ታዲያ ሰው ቢያየን ምን ይጎዳናል?» የሚል ይኖራል። እግዚአብሔር የሚያየው የፈጠረውን ነው፤ የሚያየውም ሊያድነው ነው። ያየውን ለሹመት ማግኛ አያቀርበውም፤ ጠላቱን ማስፈራሪያም አያደርገውም። መንግሥት ግን የሰዎች ሥራ ነው። በመዝገብ ቤቱ የሚቀመጠው እንደ እኛው ቂም የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚያጓጓው፣ አለቃውን የሚፈራ ሰው ነው። የእግዚአብሔርን ዓይን ያለ እግዚአብሔር ምሕረት ለሰው መስጠት የሚያስከትለውን ያለፈው ታሪክ ያሳየናል።

በምሥራቅ ጀርመን «ሽታዚ» ይባል የነበረው የጸጥታ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 91,000 የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩት፤ ከእነርሱም ሌላ ከ170,000 የሚበልጡ በስውር ወሬ የሚያቀብሉ ሰዎች ነበሩ። የሀገሪቱ ሕዝብ ከ16 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ነበር። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ1992 ጀምሮ ዜጎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን መዝገብ እንዲያነቡ ተፈቀደላቸው። መዝገቡ በመደርደሪያ ቢዘረጋ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነበር። ብዙዎች መዝገባቸውን በከፈቱ ጊዜ ያገኙት የጠላትን ስም ሳይሆን የወዳጅን፣ የሥራ ባልደረባን፣ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛን ሥራ ነው። መንግሥቱ አለፈ፤ የፈረሰው መተማመን ግን በአዋጅ የሚመለስ አልነበረም።

እኛም ብንሆን ይህን ለመረዳት እስከ ጀርመን መሄድ አያስፈልገንም። «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል አባቶቻችን በከንቱ አልፈጠሩትም። በልጅነቴ፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ አባቴ ማታ ማታ የውጭ አገር ሬድዮ ሲያዳምጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ከሬድዮው ጋር ያጣብቅ ነበር። ለእኛም፣ «ይህን ደጅ ወጥታችሁ እንዳታወሩ» ይለን ነበር። አባቴ ወንጀለኛ አልነበረም፤ ወሬ መስማት የሚወድ ገበሬ ነበር። እኔ ግን ገና ፊደል ሳልለይ ጎረቤትን መፍራት ተማርሁ። እንግዲህ ያ ፍርሃት ጥፋት ያለበት ሰው ፍርሃት ነበርን?

ዛሬ የጎረቤት ጆሮ አያስፈልግም። በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ጥሪ ባናደርግበትም እንኳ በአቅራቢያው ካለው የኔትወርክ አንቴና ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ስልኩ ያለበት አካባቢ ይታወቃል። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ እንደ ደወለም ይመዘገባል። «ንግግሬን ካልሰሙ ምን አለበት?» አንበል። አንዲት ሴት በሌሊት መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ወደ ወንድሟ፣ በመጨረሻም ወደ ቆሞሱ ብትደውል፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይሰማ በዚያ ቤት ምን እንደ ደረሰ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ኤድዋርድ ስኖደን ባወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ መንግሥት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ዜጎቹን እንዲህ ያለ የስልክ መዝገብ በጅምላ ይሰበስብ እንደ ነበር ታወቀ። ይህን የጅምላ አሰባሰብ የሀገሪቱ ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ሕግ አስቀርቶታል። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ሀገራችን ባወጣው ዘገባ፣ በዚያን ጊዜ ብቸኛ በነበረው የመንግሥት ቴሌኮም በኩል የሰዎች የጥሪ ዝርዝርና የተቀዳ ንግግር ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ይወሰድ እንደ ነበርና በምርመራ ጊዜ ይቀርብ እንደ ነበር ገልጿል።

ከሕግ ወገን ስንመለከተው ጓዳችን በር የሌለው አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ እንዲሁም በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግን ግንኙነት ያከብራል፤ ይህ መብት የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ መሠረት ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ዛሬ ፋይዳ ለተባለው መታወቂያ አሻራችንን፣ የዓይናችንን ምስልና ፊታችንን እንሰጣለን። መታወቂያ አጥቶ ይጉላላ ለነበረ ድኻ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የተሰረቀ ቁልፍ ሊለወጥ ይችላል፤ አሻራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ባለ ሥልጣን የጓዳውን በር ሲያንኳኳ አራት ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል፤ የፈቀደለት ሕግ አለን? ከእርሱ ሌላ የሆነ ዳኛ ምክንያቱን መርምሮታልን? የሚወስደው ከሚፈራው ጥፋት ጋር ይመጣጠናልን? የማያስፈልግ ሲሆንስ መዝገቡ ይደመሰሳልን? እነዚህን መጠየቅ ዓመፅ አይደለም፤ የዜጋ ተግባር ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ መንግሥት ነው። አሁን ግን ጣቴን ወደ ራሴ ልመልስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በድርቅ ለተጎዱ ቤተ ሰቦች ስንዴ ስናከፋፍል በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ለጋሾችን ያበረታታል ብዬም በማኅበራዊ መገናኛ ላይ አወጣሁት። በሳምንቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀው፣ «አባ፣ ስንዴውን ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ፊቴን ግን አልሰጠሁዎትም ነበር። ልጄ በዐረብ አገር ሆና አይታኝ ሦስት ቀን አለቀሰች» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሴትዮዋ የሚደብቁት አንዳች ጥፋት አልነበራቸውም። የተራቡት በራሳቸው ስንፍና አልነበረም፤ የተቀበሉትም በሕጋዊ መንገድ ነው። ሆኖም ረኃባቸውን ለማን እንደሚነግሩ የመምረጥ መብታቸውን እኔ ወስጄባቸው ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ፎቶግራፉን አነሣሁት፤ ሌሎች ግን ቀድመው ተቀባብለውት ስለ ነበር ሙሉ በሙሉ ልመልሰው አልቻልሁም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው እንደሚባለው፣ ከስልክ የወጣውም ከዚያ አይተናነስም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን ያደረግሁት እኔ ኑዛዜ የምሰማ ካህን መሆኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ካህኑ በኑዛዜ የሰማውን እንዳይናገር መከልከሏን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ሕጉ ከዚህም አልፎ እንደሚሄድ ነው፤ ምሥጢሩ የማይገለጥ እንኳ ቢሆን፣ ካህኑ ያን ዕውቀት ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ ሊጠቀምበት አይፈቀድለትም። አለቃ የሆነ ካህንም በኑዛዜ የሰማውን ለአስተዳደር ሥራው መጠቀም የለበትም። ለነፍስ ፈውስ የተነገረ ለነፍስ ፈውስ ብቻ ይውላል። ከዚህ ሥርዓት ለማንኛውም የሰው ምሥጢር ያዥ የሚሆን ትምህርት እናገኛለን፤ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ዕውቀት ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ ዓላማ አይውልም። የዘመናችን የመረጃ ጥበቃ ሕጎችም ከዋና መመሪያዎቻቸው መካከል አንዱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለሕክምና የተነገረ ለሐኪሙ፣ ለመታወቂያ የተሰጠ ለመታወቂያ፣ ለስንዴ የመጣም ለስንዴ ነው።

በዚህ መለኪያ ብንመዘን ብዙዎቻችን ጉድለት ይገኝብናል። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባልዋን ስልክ በስውር ትበረብራለች። ወላጅ የደረሰ ልጁን መልእክት ሳያስፈቅድ ያነባል። በምሥጢር የተነገረን ድምፅ ቀድተን ለሌላ እናስተላልፋለን። ትንሽ ልጅን መጠበቅ የወላጅ ግዴታ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጁ እየታየ መሆኑን ሊያውቅና ዕድሜው በጨመረ መጠን ልንተውለት ይገባል። በቤቱ የሰውን ገመና የማያከብር ሕዝብ መንግሥቱ እንዲያከብርለት መጠየቅ ይከብደዋል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የሕፃናትንና የችግረኞችን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አታውጡ። የምእመናንን ችግር በቡድን መልእክት ላይ አትጻፉ፤ ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት ቴሌግራም ተራው መልእክት በድርጅቱ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ እንዳያነበው ሆኖ የሚቈለፈው «ምሥጢራዊ» የተባለው የሁለት ሰዎች መልእክት ብቻ ነው። የቁምስናውን መዝገብም ከሚያስፈልገው በላይ አታብዙት፤ ያልተጻፈ ነገር አይሰረቅም።

ወደ እኚያ አዛውንት ልመለስ። ዳግመኛ ስንገናኝ በአክብሮት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ «አባባ፣ የቤትዎ ጓዳ በር አለውን? ካለውስ ከበስተ ኋላው የሸሸጉት ጥፋት ምንድር ነው?» ይስቁ ይሆናል። ከሳቁ በኋላም፣ ጎረቤታቸው ሲቸገር በዚያው በር ገብቶ የሆዱን እንደሚያጫውታቸው ያስታውሳሉ ብዬ አምናለሁ። በሩ ባይኖር ኖሮ ያ ጎረቤት አይመጣም ነበር።