አራዊትን ለማየት የሚሄድ ሰው ስላለበት ዕዳ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የዱር አራዊትን ለማየት የአንድ ቀን ጉዞ ያሰናዳህ እንደ ሆነ ስንቅህን፣ የመጠጥ ውሃህን፣ ባርኔጣህንና የመኪናህን ነዳጅ አስቀድመህ ታስባለህ። ይህ መልካም ነው፤ ሳይሰናዳ የሚወጣ መንገደኛ ለራሱም ለጓደኛውም ሸክም ነውና። ዳሩ ግን ልታያቸው የምትሄደው አራዊት በዚህ ሁሉ መሰናዶ ውስጥ በየትኛው መስመር ላይ ተጽፈዋል? እኔ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎችን ይዤ ብዙ ጊዜ ወደ ሐይቅና ወደ ዱር ወጥቻለሁ፤ በጻፍሁት ዝርዝር ላይ ግን ዳቦው ስንት እንደ ሆነ እንጂ በእኛ መምጣት አራዊቱን ምን እንደሚያገኛቸው አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ እርጅና ነው፤ እርሱም ከአገሬ ርቄ ሳለሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጇ «አባባ፣ አዞ ልናይ እንሂድ» ብሎ ያዘኝ፤ የቅዳሜውን ጉዞ ማሰናዳትም በእኔ ላይ ወደቀ። ቦታው ከማያሚ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ኤቨርግሌድስ የተባለው ረግረግ ነው።

ረግረግ ሲባል የቆመ ውሃና ጭቃ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ኤቨርግሌድስ የሚሄድ ውሃ ነው፤ አካሄዱ እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ ዓይን አያየውም እንጂ። ቀድሞ ውሃው ከኦኪቾቢ ሐይቅ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ በሚቆርጥ ሣር መካከል እንደ አንሶላ ተዘርግቶ በደቡብ ወዳለው ባሕር ይወርድ ነበር። ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ የተባለችው ጸሐፊ በ1947 ባሳተመችው መጽሐፍ የሣር ወንዝ ብላ ጠራችው፤ (የዚያን አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ) በዚያው ዓመት መጨረሻም ፕሬዚዳንት ትሩማን ብሔራዊ ፓርኩን መርቀው ከፈቱት። አፈ ሰፊው የአዞ ዘመድ አሊጌተርና እውነተኛው አዞ በዱር አብረው የሚኖሩት በዚሁ በደቡብ ፍሎሪዳ ነው።

ጉዞ የሚያቅድ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ልሂድ?» የሚል ነው። መልሱን የሚያውቁት ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው በበጋው ወራት ነው ይላሉ። ከግንቦት ጀምሮ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ቢምቢው ሰውን አላስቆም አላስቀምጥ ይላል፤ ከሁሉ ይልቅ ውሃው በያለበት ስለሚሞላ አራዊቱ በሰፊው ምድር ተበታትነው አይታዩም። በበጋ ግን ውሃው እየሸሸ በየጉድጓዱና በየቦዩ ብቻ ይቀራል። ዓሣው እዚያ ይታጎራል፤ ወፉ ዓሣውን ተከትሎ፣ አሊጌተሩም ውሃውን ተከትሎ እዚያው ይሰበሰባል። መንገደኛውም በዝናብ ወራት በሳምንት የማያየውን በአንድ ጠዋት ያያል።

ይህን ለልጁ ሳስረዳው ሳለሁ ቃሌ በአፌ ላይ ቆመ። እኛ የምንደሰትበት ቀን እነርሱ ሌላ መሄጃ የሚያጡበት ቀን ነው ማለት ነው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ የሚያቀርበው አጥቶ እንዳያፍር ወደ ድኻ ሰው ቤት በምሳ ሰዓት አትሂዱ እየተባልን አድገናል። እነሆ እኔ ደግሞ የባለቤቶቹን የችግር ሰዓት ከቀን መቁጠሪያ ላይ መርጬ ልሄድባቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በ1982 ዓ.ም. ያደረግሁት ነገር ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር፤ በመጋቢት ወር ሃያ ስድስት ተማሪዎች ይዤ ወደ አቢያታ ሐይቅ ሄድሁ። ፍላሚንጎዎቹ የጽጌረዳ መልክ ያለው ነጠላ የተሰጣ መስለው በውሃው ዳር ይመገባሉ። ልጆቹ ጥቂት አዩና ሰለቻቸው፤ ወፎቹ አንገታቸውን ደፍተው ከመብላት በቀር ምንም አያደርጉምና። እኔም ጉዞው በተማሪዎቼ ፊት ከንቱ እንዳይሆንብኝ ሠጋሁና «በሉ እያጨበጨባችሁ ሩጡ» አልኋቸው። ሮጡ። ሰማዩ በክንፍ ተሸፈነ፤ ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ እኔም ትልቅ ነገር ያሳየኋቸው መሰለኝ። ወፎቹ ዞረው ሲያርፉ ሁለተኛ አስነሣናቸው፤ ከዚያም ሦስተኛ። በሦስተኛው ጊዜ አነሣሣቸው የዘገየ ነበር። ከኋላ ቀርታ ያልሮጠች አንዲት ተማሪ መጥታ «ጋሼ፣ ምሳቸውን እኮ አልበሉም» አለችኝ። ሥቄ ተውኋት። መልስ ስጥ ብባል ኖሮ ሌላ ሐይቅ አለላቸው እል ነበር። ዛሬ ከአቢያታ ውሃ ብዙው ለመስኖና ለፋብሪካ ሄዶ ዳሩ እጅግ ርቆ ሸሽቷል፤ የዚያችም ልጅ ቃል ከዓመት ዓመት እየከበደኝ ሄዷል።

እንግዲያስ በበጋ መሄድ ኃጢአት ነውና ከቤታችን እንቅር እንበልን? እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን እንደዚያ አልፈርድም። ሳያውቁ ማዘንም ያሳስታልና። ውድ ስቶርክ የሚሉት የሽመላ ወገን ዓሣን የሚይዘው በዓይኑ አይቶ ሳይሆን ምንቃሩን በውሃ ውስጥ ከፍቶ ሲነካው ነው፤ ስለዚህ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ውሃው ጎድሎ ዓሣው ሲታጎር ነው። በዚያ ጊዜ ያለ ወራቱ ዝናብ ጥሎ ውሃው ከፍ ቢል ዓሣው ይበተናል፤ ወላጆቹም ጎጆውን ጥለው ይሄዳሉ። ለዓሣው ጭንቅ የሆነው ለሽመላው መኸር ነው። አሊጌተሩም ራሱ ጭቃውን እየቆፈረ ጉድጓድ ያበጃል፤ በዚያ በቀረው ውሃ ዓሣና ኤሊ በጋውን ይሻገራሉ፤ እርሱም የቤት ኪራይ እንደሚቀበል ባለ ርስት ከእነርሱ ይበላል። ይህን ሁሉ የሠራው መንገደኛው አይደለም፤ ስለ በጋው መምጣትም ዕዳ የለበትም።

ዕዳው ሌላ ነው። በዝናብ ወራት ብቀርበው አውሬው ይሸሻል፤ በእርሱና በእኔ መካከል ያለውን ወሰን የሚጠብቀው የእርሱ እግርና ክንፍ ነው። በበጋ ግን ከዚያች ኩሬ ቢሸሽ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ይታገሠኛል። እኔም ትዕግሥቱን እንደ ፈቃድ እቆጥረዋለሁ። እርሱ መራቅ ሲሳነው ግን የመራቁ ዕዳ ወደ እኔ ተላልፏል።

ምናልባት አንባቢዬ «አራዊትን የሚወድ ሰው አይጎዳቸውም» ይለኝ ይሆናል። መውደድ ብቻውን አይበቃም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወይዛዝርት ባርኔጣ በነጫጭ ወፎች ላባ ያጌጥ ነበር፤ የገዙት ሴቶች ላባውን ጠልተው አልገዙትም፤ ውበቱን ወደው ነው። አዳኞቹም ወደዚሁ ረግረግ የሚመጡት ወራቱን አስልተው ነበር፤ ያማረው ላባ የሚበቅለው በመፈልፈያ ጊዜ ነው፤ በዚያም ጊዜ ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን ትተው ርቀው አይሸሹም። ጋይ ብራድሌይ የተባለው የወፎች ጠባቂ ይህን ሊከለክል ሲል በ1905 በጥይት ተመትቶ ሞተ። የእኔ የጉዞ ዕቅድና የእነዚያ አዳኞች ዕቅድ በአንድ ነገር መመሳሰላቸው፣ ሁለታችንም መሄድ የማይችሉበትን ጊዜ መምረጣችን፣ እንቅልፍ ነሣኝ።

ደግሞም የዛሬው በጋ ሁሉ ከሰማይ የመጣ አይደለም። ሰዎች ምድሩን ለእርሻና ለከተማ ለማድረቅ ብዙ ቦይ ቆፍረው ከጥንቱ ረግረግ ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል፤ የቀረውም ውሃ የሚመጣው ሰው በሚከፍተውና በሚዘጋው በር ነው። እኛን ወደዚያ የሚወስደን ታሚያሚ የተባለው መንገድ በ1928 ሲከፈት ውሃውን እንደ ግድብ ያገደ ነው። በ2000 ረግረጉን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ሕግ ወጣ፤ በ2013ም ውሃው በሥሩ እንዲያልፍ አንድ ማይል የሚሆን ድልድይ በዚያ መንገድ ላይ ተሠራ። ያበላሸ ሰው ሲያቀና ማየት ደስ ያሰኛል፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሬን ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ። የፓርኩ ደንብ ከአራዊት አሥራ አምስት ጫማ፣ ማለት አራት ሜትር ተኩል ያህል፣ ራቁ ይላል። ልጁንና እኔን የሜትር ገመድ ይዘን ከሶፋው እስከ በሩ ለካን፤ እርሱ አሊጌተር ሆኖ ምንጣፉ ላይ ተኛ፤ እኔ ጎብኚ ሆንሁ፤ ከዚያም ተለዋወጥን። የሩቅ ማያ መነጽር ተዋስን። ምግቡን በተዘጋ ሣጥን አደረግነው፤ አሊጌተርን ማብላት በሕግ የተከለከለ ነውና። የበላው አሊጌተር ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ወደ ሰው ይቀርባል፤ በኋላም አደገኛ ሆኗል ተብሎ ይገደላል። ዳቦ የወረወረለት ሰው ግን ያን ጊዜ ቤቱ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሻርክ ቫሊ ከተባለው በር ደረስን። ጎብኚ እያሳፈረ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞረውና በመካከሉ ካለው ማማ የሚያደርሰው መኪና ለአምስት ሰዓት ተይዞልን ነበር። እስከዚያው ብለን በቦዩ ዳር በእግር ተጓዝን። ልጁ ኤሊዎችን፣ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ጥቁር ወፍና ሦስት አሊጌተሮች ቆጠረ። ስንመለስ አንድ ትልቅ አሊጌተር ከቦዩ ወጥቶ ራሱን በአስፋልቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። በሌላው ወገን ሣርና ውሃ ነው፤ ለማለፍ ከለካነው ርቀት ግማሹን እንኳ አናገኝም። ቆምን። ሌሎች ሰዎች ጥግ ጥጉን ይዘው አለፉ፤ አንዱም ጎንበስ ብሎ ፎቶግራፍ አነሣው። ሰዓቱ ደረሰ፤ መኪናው ሲሄድ ከሩቅ አየነው።

«ሁሉም አልፈዋል እኮ» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው፤ አልፈዋል፤ ምንም አልሆኑም። አሊጌተሩም ዓይኑን አልገለጠም። የምመልስለት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ነገር ግን እንባው ሲወርድ ሳይ አንዱም ከአፌ አልወጣም፤ ለአውሬው የከፈልሁት ዕዳ ከልጁ ኪስ የወጣ ነበርና። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አሊጌተሩ ተነሥቶ ወደ ውሃው ገባ፤ እኛም አለፍን። በመኪና እስከ ማያሚ አላናገረኝም። እናቱ «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ትሄዳላችሁ» ብላ አጽናናችው፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እኔ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውሮፕላን ላይ ነበርሁ።