የዘገየ ክብር፦ ዕዳ ነው ወይስ ምጽዋት?

ለአገሩ ዘምቶ ሳይታወስ ለቀረ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሕግ ወጥቶ ሜዳይ ቢሰጠው፣ መንግሥት ቸርነት አደረገለት እንላለን ወይስ ዕዳውን ከፈለ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ሕጉ እነማንን እንደሚያቅፍ የሚወስነው ግን መልሱ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ጠላት በሰሜን ወሎ አድርጎ ወደ ደሴ ገሠገሠ። በ1930 ዓ.ም. መግቢያም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በላስታና በዋግ ለነጻነት ሲዋጉ ወደቁ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ለአርበኛውም ለስደተኛውም የየራሱ ሜዳይ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ሜዳይ መዝገብን ይከተላል፤ መዝገብም አለቃ ያለውን ሰው ይከተላል። በሌሊት ስንቅ ያቀበለች፣ ቁስለኛ የደበቀች፣ የጠላትን ወሬ ለአርበኛው ያደረሰች እናት ብዙ ጊዜ አለቃም መዝገብም አልነበራትም።

ሁለተኛው መዘንጋት ከመንግሥት መለዋወጥ ይመጣል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደ ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ከኮሚኒስቶች ጋር መዋጋታቸው እንደ ነውር ተቆጠረባቸው። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ጦር ሲበተንም፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም መካከል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ የመከቱ፣ እንዲሁም ሳይወዱ የተመለመሉ የገበሬ ልጆች ነበሩ።

«ለሁሉ ከታደለ ሜዳይ ይረክሳል፤ ግፈኛውም ከንጹሑ ጋር ይሸለማል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሜዳይ የሚረክሰው ላልሠራ ሲሰጥ እንጂ ለሠራ ሲሰጥ አይደለም። ወታደር የሚያዘውን መንግሥት አልመረጠም፤ በራሱ እጅ ለሠራው ግን ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ግፍ የተመሰከረበት ከሽልማቱ ይውጣ፤ ንጹሑ ግን ስለ አዛዡ በደል ክብሩን አይነጠቅ።

የሌላው ዓለም ታሪክም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር ጎን የተሰለፉትን ፊሊፒናውያን ከአገልግሎታቸው ዋጋ አብዛኛውን ነፈጋቸው። የአገሪቱ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳይ እንዲሰጣቸው የደነገገው በ2016 ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ እስከዚያው ድረስ ብዙዎቹ አልፈዋል።

እንግዲህ ክብር ዕዳ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ባለዕዳ የሚከፍለውን ሰው እንደ ወደደ አይመርጥም፤ ሴቷም የወደቀው መንግሥት ወታደርም ይቆጠራሉ። ሁለተኛ፣ ወረቀት ለጠፋበት የጎረቤት ምስክርነት በጥንቃቄ ተመርምሮ ሊበቃው ይገባል። ሦስተኛ፣ ሜዳይ አይበላምና የጡረታና የሕክምና ምትክ ሊሆን አይችልም።

በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠሮች የዘመተ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ውሎውን በሙሾና በፉከራ ያነሣለታል። ሕዝቡ ምስክርነቱን አልነፈገም፤ ሟቹ ግን አይሰማውም። ሕግ ሊያደርግ የሚገባው ይህንኑ ምስክርነት ከቀብር በፊት ማድረስ ነው።