ውለታን የማይረሳ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኀ ጽጌ የእመቤታችንንና የልጇን ስደት የምናስብበት ጊዜ ነው። ጾሙ የፈቃድ ጾም ቢሆንም ብዙዎች በፍቅር ይጾሙታል። ስደቱን ስናስብ ታዲያ አንዲት ሴት አትረሳን፤ ሰሎሜ።

ሰሎሜ ለእመቤታችን ዘመዷ ናት። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ፣ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ወደ ግብፅ ሲሸሹ አብራቸው ወጣች። እመቤታችን ሲደክማት ሕፃኑን እየተቀበለች አዘለች። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረን ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ ግን ይህን ስደት ሲጽፍ (ማቴ. 2፥13-15) የሰሎሜን ስም አላነሣም። ሕፃኑን አዝላ በረሃ ያቋረጠች ሴት ስሟ እዚያ የለም!

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በዳንግላ የዘመድ ልጅ የሚያሳድግ ቤት ብዙ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ከገጠር መጥቶ አክስቱ ቤት ይገባል። ወይም እናቲቱ ሥራ ውላ እስክትመለስ ሕፃኑን እኅቷ ትይዝላታለች። ልብሱን የምታጥበው፣ ሲያመው ጤና ጣቢያ ይዛው የምትሮጠው እሷ ናት። ወላጆቹ ሲመጡ ግን «እግዜር ይስጥልን» በማለት ፈንታ «ምነው ልጁ ከሳሳ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ሆድ ይብሳል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ አይደል?

እናቶቼ፣ እኅቶቼ! መከፋታችሁ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ዐሥሩን ለምጻሞች ካነጻ በኋላ አንዱ ብቻ ተመልሶ ሲያመሰግን፣ ዘጠኙ የት እንደ ቀሩ ጠይቋል (ሉቃ. 17፥17)። ነገር ግን አላመሰገኑም ብሎ ፈውሱን አልነሣቸውም።

ክፋቱ ቅሬታው በልብ ሲከርም ነው። ወላጆቹን መናገር ስናፍር ልጁን እንናገራለን። «እናትህ ያላሰበችልህን እኔ ላይ ጣሉህ» እንላለን። እንጀራውን እያቀረብን ፊታችንን እናጠቁርበታለን። ልጁ ምን አደረገ? ያልተበደረውን ዕዳ ይከፍላል። ያቺ ቃል ካደገም በኋላ ከሆዱ አትወጣም። ከሥጋና ከወተት ጾመን የልጅ ልብ ብናቆስል ጾማችን ምን ይረባናል?

መርዶክዮስን እንይ። የአጎቱን ልጅ አስቴርን እናት አባቷ ሲሞቱባት እንደ ልጁ አሳደጋት (አስቴር 2፥7)። ንጉሡንም ከገዳዮች እጅ አዳነው፤ ግን አንዳች ነገር አልተደረገለትም። ሥራው ግን በመጽሐፍ ተጽፎ ነበር። አንድ ሌሊት ንጉሡን እንቅልፍ እምቢ ቢለው መጽሐፉ ተነበበ፤ ውለታውም ተገኘ (አስቴር 6፥1-3)። በምድራዊ ንጉሥ ቤት እንዲህ ከሆነ በሰማያዊው ንጉሥ ዘንድማ እንዴት ይጠፋል? ለታናናሾች አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ እንኳ ዋጋው አይጠፋበትም (ማቴ. 10፥42)።

እንዲያው ዝም ብላችሁ ተቃጠሉ ማለቴ ግን አይደለም። ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ለብቻው ሆናችሁ ንገረው ብሎ አስተምሮናል (ማቴ. 18፥15)። ልጁ በሌለበት፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው። «ልጁን እወደዋለሁ፤ ግን ደክሞኛልና አግዙኝ» ማለት ነውር የለውም። የምትችሉትንና የማትችሉትን ለይቶ መናገር ከማጉረምረም ይሻላል።

ልጃችሁን ለዘመድ የሰጣችሁ ወላጆችም ስሙ! ጤፍና ድንች ጭናችሁ መምጣታችሁ መልካም ነው፤ ምስጋናን ግን አይተካም። የልጁን መክሳት ከመጠየቃችሁ በፊት ያሳደረችውን አመስግኑ። በልጁ ፊት አመስግኗት፤ እርሱም ማመስገንን ይማራል። ከዘጠኙ ጋር አትቁጠሩ፤ ተመልሶ እንዳመሰገነው እንደ አንዱ ሁኑ።

ወገኖቼ፣ ሰሎሜን ቤተ ክርስቲያን አልረሳቻትም። በስደቱ ሥዕል ላይ ከእመቤታችን ጋር ስትጓዝ እናያታለን። ጌታችን በስሙ አንድ ሕፃን የተቀበለ እርሱን እንደ ተቀበለ ነግሮናል (ማቴ. 18፥5)። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለዚያ ልጅ ራቱን ስታቀርቡለት ፊታችሁን ፈታ አድርጉለት። የተቀበላችሁት ማንን እንደ ሆነ አስቡ።

የስደተኛይቱ እናት የድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅድስት ሰሎሜ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።